በሰው አገር የሚሠራ ፕሮግራም

ፕሮግራምም እንደ ሰው የተወለደበት አገር አለው ብል ከአንባብያን መካከል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ሆኖም ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሊኑክስ ወዳለበት ኮምፒዩተር የሄደ ሰው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቀዋል። ኮምፒዩተሩ ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰርም ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ነው፤ የፊደል ገበታውም ቢሆን አንዲት ቁልፍ አልጐደለውም። ፕሮግራሙ ግን ሁለት ጊዜ ጠቅ ቢደረግ፣ ሦስት ጊዜ ጠቅ ቢደረግ፣ ጠላት ቤት እንደ ገባ እንግዳ ዝም ይላል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ለማንሣት ምክንያት አለኝ። ለዊንዶውስ 10 በነፃ ይሰጥ የነበረው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ደንቡ ጠበቅ ያለ ስለሆነ፣ ሥራቸውን አሳምረው የሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች እንዳይገቡ ከበር መለሳቸው። መሣሪያዎቹ አላረጁም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ኮምፒዩተር በስምንትና በዘጠኝ ዓመቱ ጡረታ ይውጣ ማለት ከእኛ ደመወዝ ጋር የሚስማማ ነገር አይደለም። ስለዚህ ያለ ዋጋ የሚገኘውንና ሸክሙ ቀለል ያለውን ሊኑክስን የሚጭኑ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችና ተማሪዎች አሉ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ሊኑክስ የተጫነ ዕለት ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄም ይኸው ነው፤ «የለመድሁት ፕሮግራም ይሠራልኛል ወይ?»

መልሱ «አዎን» ወይም «አይሠራም» ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት ባላባከንሁ ነበር።

የፕሮግራም ሥራ ከሁለት ይከፈላል። አንደኛው በራሱ የሚፈጽመው ነው፤ መደመር፣ መቀነስ፣ ቃልን ከቃል ማስተያየት። ይህን የሚያከናውነው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ በቤቱ ላይ የሚያዝዘው ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ግድ የለውም። ሁለተኛው ግን ፕሮግራሙ በገዛ እጁ ሊያደርገው የማይችለው ነው። ፋይል ለመክፈት፣ በመስኮት ላይ ፊደል ለመጻፍ፣ ወረቀት ለማተም ሲፈልግ ማመልከቻ ይዞ ወደ መንግሥት ቢሮ መሄድ አለበት። መንግሥቱም ስርዓተ ክወና ወይም በተለመደው አጠራር ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው ነው።

መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ባለጉዳይ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ማመልከቻውን በአገሩ ደንብ ጽፎ፣ እኛ ዘንድ የሌለ የቢሮ ስም ጠርቶ ቢቆም፣ ጉዳዩ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን የሚቀበለው መዝገብ ቤት አያገኝም። የዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት «ከርነል 32» የተባለውን ክፍል ይጠራል፤ መስኮት ለመዘርጋት «ዩዘር 32»ን፣ መስመርና ፊደል ለመሣል ደግሞ «ጂዲአይ 32»ን ይጠራል። በሊኑክስ ግቢ ውስጥ በእነዚህ ስሞች የሚጠራ ቢሮ የለም። እንዲያውም ችግሩ የሚጀምረው ከበሩ ላይ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይል ሁልጊዜ «ኤም» እና «ዜድ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፤ እነዚህም በዶስ ዘመን የፋይሉን አሠራር ያወጣው የማይክሮሶፍት ባለሙያ የማርክ ዝቢኮውስኪ የስሙ መነሻ ፊደላት ናቸው። የሊኑክስ ፕሮግራም መታወቂያ ሌላ ስለሆነ፣ ዘበኛው ገና «ኤም ዜድ» የሚለውን ሲያይ ይመልሰዋል።

ከዚህ ለመውጣት አንዱ መንገድ አሮጌውን ኮምፒዩተር ከነነፍሱ ማስመሰል ነው። ዶስቦክስ የተባለው ፕሮግራም ከ2002 (ይህና ከዚህ በታች የኮምፒዩተሩን ታሪክ ስናወሳ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ጀምሮ የጥንቱን የዶስ ኮምፒዩተር ከነድምፁ ከነሥዕሉ አስመስሎ ያቀርባል፤ የልጅነት ጨዋታቸውን የሚናፍቁ ሰዎችም ሲያመሰግኑት ይኖራሉ። ሌላው መንገድ ቨርቹዋልቦክስን በመሰለ ፕሮግራም አማካይነት ዊንዶውስን ራሱን በሊኑክስ ውስጥ መጫን ነው። ይህ የተሟላና የማያሳስት ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ እንግዳ ሲባል ሙሉ ኤምባሲ እንደ መሥራት ያለ ነው። የዊንዶውስ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የማስታወሻ ቦታ ይፈልጋል፤ አራት ጊጋባይት ብቻ ያለው የእኔ ኮምፒዩተር ሁለት መንግሥት በአንድ ትከሻ ተሸክሞ ሲያቃስት ሰምቼ እንዲያርፍ ትቼዋለሁ።

ሦስተኛውና እኔ የምወደው መንገድ «ዋይን» ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ወይን ጠጅ ማለት ሲሆን፣ ነገሩ ግን ከመጠጥ ጋር ዝምድና የለውም። በመጀመሪያ ስሙ «የዊንዶውስ አስመሳይ» ከሚሉት ቃላት የተቈረጠ ነበር። በኋላ ሠሪዎቹ ሥራቸው ማስመሰል አለመሆኑን ለማስረዳት ሲሉ «ዋይን አስመሳይ አይደለም» የሚል ፍች ሰጡት። የዚህ ዐረፍተ ነገር የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደሎቻቸው ሲገጣጠሙ ተመልሰው «ዋይን» ይላሉ። የቅኔ መምህራን ቢሰሙት ወርቁ የት አለ ማለታቸው አይቀርም፤ ለኮምፒዩተር ሰዎች ግን ይህን ያህል ሰሙ ይበቃል።

ዋይን ኮምፒዩተርን አያስመስልም፤ ዊንዶውስንም አይጭንም። የሚያደርገው ነገር በሊኑክስ ግቢ ውስጥ «ከርነል 32»፣ «ዩዘር 32»፣ «ጂዲአይ 32» የሚሉ ጽሑፎች በየበሩ የተለጠፉባቸው ቢሮዎች መክፈት ነው። ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ በሩን ያንኳኳል፤ ከበሩ በስተኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ ማመልከቻውን ተቀብሎ በሊኑክስ ደንብ ያስፈጽምና መልሱን በዊንዶውስ ደንብ ጽፎ ይመልስለታል። ባለጉዳዩ አገር ማቋረጡን ሳያውቅ ይውላል። «ሲ» የሚባለውን ድራይቭ ቢጠይቅ ይሰጡታል፤ ያ ድራይቭ ግን በተጠቃሚው ቤት ውስጥ የተደበቀ አንድ ፎልደር ነው። የዊንዶውስን መዝገብ ቢጠይቅ ያቀርቡለታል፤ እርሱም ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። መደመሩንና መቀነሱን ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ስለሚሠራው ፍጥነቱ ብዙ አይጓደልም።

ይህ የሚሆነው ግን ፕሮሰሰሩ ፕሮግራሙ የተጻፈለት ዓይነት ሲሆን ነው። አፕል በ2020 ኮምፒዩተሮቹን ከኢንቴል ወደ ራሱ ፕሮሰሰር ማዛወር ሲጀምር ለድሮዎቹ ፕሮግራሞች ቢሮ መክፈት ብቻ አልበቃውም፤ መደመርና መቀነሱን ሳይቀር የሚተረጕም ሮዜታ 2 የተባለ አስተርጓሚ ማቆም ግድ ሆነበት።

ሥራው የተጀመረው በ1993 ነው። በዚያን ጊዜ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በራሱ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚያሠራ «ዋቢ» የተባለ ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። (በእኛ ቋንቋ ዋቢ ማለት ተያዥ መሆኑን ፈረንጆቹ ቢያውቁት ኖሮ ስሙን አጥብቀው በያዙት ነበር።) የሊኑክስ ወዳጆች ይህን አይተው፣ እኛስ በነፃ ለምን አንሠራውም ብለው ተነሡ። መጀመሪያ ሥራውን ያስተባበረው ቦብ አምስታት ሲሆን፣ በ1994 አሌክሳንደር ጁሊያርድ የተባለ የስዊስ ተወላጅ ተረከበው። ጁሊያርድ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀውም። ቍጥር 1.0 የተባለው እትም የወጣው ሰኔ 17 ቀን 2008 ነው። ልብ ይሏል፤ ዐሥራ አምስት ዓመት! በዚህ መካከል ሊያስፈጽሙ የተነሡለት ዊንዶውስ 3.1 ሞቶ፣ ዊንዶውስ 95 መጥቶ ሄዶ፣ ኤክስፒ ነግሦ፣ ቪስታ ተሰድቦ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ዘገየ? የዊንዶውስ የውስጥ ጽሑፍ የማይክሮሶፍት ምስጢር ነው። የዋይን ሠራተኞች ያንን ጽሑፍ ማየት አይችሉም ብቻ ሳይሆን፣ ሾልኮ ወጥቶ ያየ ሰው ቢኖር እንኳ በሥራው እንዳይገባ ደንብ አላቸው። ስለዚህ ያላቸው መንገድ በሩን እያንኳኩ መልሱን መመዝገብ ብቻ ነው። ይህን ብንጠይቅ ምን ይመልሳል? ባዶ ወረቀት ብንሰጠውስ? የተሳሳተ ቍጥር ብንጽፍስ? ይህን በሺህ በሚቈጠሩ ጥያቄዎች ላይ እየደጋገሙ አንድ በአንድ ጻፉት። ግቢው ሳይገባ፣ በውጭ ቆሞ በሚወጣው ደብዳቤ ብቻ የአንድን መሥሪያ ቤት የውስጥ ደንብ አጥንቶ የጻፈ ሰው ካለ የዋይን ሠራተኛ እርሱን ይመስላል።

ደግሞም ከትክክለኛው ደንብ ይልቅ የሚያስቸግረው ስሕተቱ ነው። ፕሮግራም ጻፊዎች በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ጉድለት ሳያውቁት ይደገፉበታል፤ ስለዚህ ዋይን ጉድለቱን ጭምር ካልቀዳ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ማይክሮሶፍት ራሱ በዚህ ሸክም ሥር ኖሯል። ሲም ሲቲ የተባለው ታዋቂ ጨዋታ የመለሰውን የማስታወሻ ቦታ መልሶ የመጠቀም መጥፎ ልማድ ነበረበት፤ በድሮው ዊንዶውስ ሳይታወቅበት ይሠራ ነበር። ዊንዶውስ 95 ሲሠራ ግን ጨዋታው ወደቀ። የማይክሮሶፍት ሰዎችም ሲም ሲቲ መሆኑን ለይቶ ልማዱን የሚታገሥ ልዩ ትእዛዝ በዊንዶውስ ውስጥ እንዳስገቡ ተጽፏል። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት በብዙ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

በሕግ በኩልስ እንዴት ነው የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። በ2001 የተመሠረተ ሊንዶውስ የተባለ ኩባንያ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚያሠራ ሊኑክስ ልሸጥ ብሎ ሲነሣ ማይክሮሶፍት ከሰሰው፤ ክሱ ግን ስለ ስሙ እንጂ ስለ አሠራሩ አልነበረም። በ2004 ማይክሮሶፍት 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ ኩባንያውም ስሙን ሊንስፓየር ብሎ ለውጦ ታረቁ። ከሳሽ ለተከሳሽ ሲከፍል የታየበት ክርክር ስለሆነ የሕግ ተማሪዎች ቢያነቡት ይዝናኑበታል። የቢሮዎችን ስምና የማመልከቻ ደንብ መቅዳት ይፈቀዳል ወይ የሚለው ትልቁ ጥያቄ የተነሣው ኦራክል ጉግልን በጃቫ ምክንያት በከሰሰ ጊዜ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2021፣ በ6 ድምፅ ለ2፣ ጉግል ወደ 11,500 የሚሆኑ የጃቫ መስመሮችን መቅዳቱ ተገቢ አጠቃቀም ነው ብሎ ፈረደ። ሁሉንም ነገር የዘጋ ፍርድ አይደለም፤ ቢሆንም እንደ ዋይን ላሉ ሥራዎች ትንፋሽ የሚሰጥ ነው።

ጨዋታ ወዳዶች በዚህ ነገር ከእኛ ከቢሮ ሰዎች ይልቅ ተጠቅመዋል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በነሐሴ 2018 ዋይንን መሠረት ያደረገ «ፕሮቶን» የተባለ መሣሪያ አወጣ፤ በ2022 ደግሞ ስቲም ዴክ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ በሊኑክስ ላይ አቁሞ ለገበያ አቀረበ። ለዊንዶውስ የተጻፉ ብዙ ሺህ ጨዋታዎች ዛሬ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። የማይሠሩም አሉ። አጭበርባሪ ተጫዋች ለመያዝ ብለው ወደ ስርዓተ ክወናው እልፍኝ ዘልቀው የሚገቡ ጨዋታዎች በሰው ቤት ያን ያህል አይፈቀድላቸውም። በተመሳሳይ ምክንያት የራሳቸውን ድራይቨር የሚተክሉ የሒሳብና የመለኪያ መሣሪያ ፕሮግራሞች ያስቸግራሉ። አዳዲሶቹ የማይክሮሶፍት ኦፊስ እትሞችም ቢሆኑ ብዙ ያደክማሉ፤ ለተራ ደብዳቤ ከሆነ ሊብሬኦፊስ ይበቃል እላለሁ። ዋይን የራሱ የሆነ የምስክርነት መዝገብ አለው። ተጠቃሚዎች የሞከሩትን ፕሮግራም «ፕላቲነም»፣ «ወርቅ»፣ «ብር»፣ «ነሐስ» እያሉ ይመዘግቡታል፤ ፈጽሞ የማይሠራውን «ቆሻሻ» ይሉታል። የመሥሪያ ቤት የሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዲህ በግልጽ ቢጻፍ ስንቶቻችን በምን ማዕረግ እንደምንገኝ እግዜር ይወቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ብቀር ደስ አይለኝም። ሊኑክስ ስለሆነ ቫይረስ አይገባም ብለው የሚዝናኑ አሉ። ዋይን የዊንዶውስን ፕሮግራም ያሠራል ማለት የዊንዶውስን ቫይረስም ሊያሠራ ይችላል ማለት ነው። እንዲያውም «ዜድ» በሚባለው ድራይቭ በኩል ፕሮግራሙ የኮምፒዩተሩን ፋይሎች ሁሉ እንዲያይ መንገድ ይከፍትለታል። ከማያውቁት ሰው የመጣ ፕሮግራም በሰው አገርም ሌባ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ቢኖር የፊደላችንን ነገር ያስታውስ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ኮምፒዩተር ለአማርኛ የሚሰጠው ቦታ አልነበረም። የአንድ ፎንት ቤት 256 ክፍሎች ብቻ ነበሩት፤ ከእነዚያም የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ናቸው። የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ 20ው የግእዝ ቍጥርና ነጠላ ሰረዙ አራት ነጥቡ ሲጨመሩበት ቤቱ ይሞላና ይፈስሳል። ስለዚህ የአገራችን ባለሙያዎች በየፊናቸው ዘዴ ፈጠሩ። አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው በጽሕፈት መኪና እንደሚደረገው የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ እንዲጋጠሙ አደረገ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ጊዜውም አይጠብቅም ነበር። ነገር ግን አንዱ «ሀ» ያለበትን ክፍል ሌላው «መ» ስለሚያስቀምጥበት፣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የእብድ ጽሑፍ ይሆናል። በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግእዝ ፊደል የታወቀ ቦታ ሰጠው፤ ዊንዶውስ ቪስታም በ2007 «ኒያላ» ከተባለ የአማርኛ ፎንት ጋር መጣ። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በየፕሮግራሙ ተቈልፎ ቀረ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየቤተ ሰቡ ስንት ደብዳቤና ስንት መዝገብ እንዲህ ሆኖ እንደ ተቀመጠ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው።

የሰፈራችን እድር መዝገብ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ከ1988 እስከ 1996 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቈጣጠር ነው) የእድሩ ጸሐፊ የነበሩት ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቃለ ጉባኤውንና የአባላቱን ዝርዝር በልጃቸው ጽሕፈት ቤት በኮምፒዩተር ይጽፉት ነበር። አትመው በክላሰር ያስቀመጡት ወረቀት የእቃ ቤቱ ቆርቆሮ ባፈሰሰ ክረምት ከድንኳኑ ጋር ርሶ አንድ ላይ ተጣበቀ። የቀረው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያሉ ሰባት ፍሎፒ ዲስኮች ብቻ ነበሩ። ለዓመታት የጠየቃቸው አልነበረም። አምና ግን እድሩ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ አረጋዊ አባል ያለ መዋጮ ሙሉ መብቱ ይጠበቅለታል የሚል። በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ደረሰኛቸውም ቤት ሲቀይሩ የጠፋባቸው አንዲት እናት ቀረቡ። አዲሱ ኮሚቴ ማስረጃ ያምጡ አለ።

ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም። «እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ንፍሮውንም ድንኳኑንም አብረን ስናነሣ ኖረናል፤ ግን የእኔ ማወቅ ሰነድ አይሆንም፤ ነገ ሌላው ይነሣል» አሉ። እማማ ደግሞ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ጋሼ ሲጽፉ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ የባለቤቴን ስም ሁለት ጊዜ አንብበው ነው የጻፉት» አሉኝ። «እማማ፣ ዲስኩ ከተነበበ እናገኘዋለን፤ አይሥጉ» ብዬ ቆርቆሮውን ተቀበልሁ።

ከሰባቱ ዲስኮች ሁለቱ ፕሮግራሙ የተጫነባቸው ሆነው ተገኙ። ጋሼ ጠንቃቃ ሰው ነበሩና ከጽሑፎቻቸው ጋር አብረው አስቀምጠውታል። የፕሮግራሙን ስም አልጠቅስም፤ በዊንዶውስ 3.1 ዘመን ለአማርኛ ከተሠሩት አንዱ ነው፤ ጽሑፉንም ሌላ ፕሮግራም በማያውቀው በራሱ ዓይነት ፋይል ያስቀምጣል። የፍሎፒ ማንበቢያ ከኮምፒዩተር ጠጋኝ ወዳጄ ተውሼ መጀመሪያ የእድሩ ቢሮ ባለው ዊንዶውስ 11 ላይ ሞከርሁት። «ይህ ፕሮግራም በእርስዎ ኮምፒዩተር ላይ ሊሠራ አይችልም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ያ ፕሮግራም ባለ 16 ቢት ነው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ እንዲህ ያሉትን ማሠራት ትቷል። ዊንዶውስ 11ም ለእነዚህ ኮምፒዩተሮች የወጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። በተወለደበት አገር እንግዳ ሆነ ማለት ነው።

ማታ በቤቴ በሊኑክሱ ላይ ዋይንን ከነ32 ቢት ክፍሉ ጫንሁና ያንኑ ፋይል ጠቅ አደረግሁት። ዋይን የ16 ቢቶቹን በር እስከ ዛሬ አልዘጋውም። ግራጫው የድሮ መስኮት ብቅ አለ። ከፋይሎቹ አንዱን ስከፍት ግን ጭረትና ነጥብ የበዛበት የላቲን ፊደል ክምር ሆነብኝ፤ ፎንቱ ስላልነበረ ነው። ፎንቶቹን ከሁለተኛው ዲስክ አውጥቼ ዋይን «ሲ» ብሎ በሚጠራው ፎልደር ውስጥ ከፎንቶች ጋር አኖርኋቸውና እንደ ገና ከፈትሁ። በመስኮቱ አናት ላይ «ቃለ ጉባኤ» የሚል በትልቁ ተጽፎ መጣ። ከሥሩ ቀኑ፣ የተገኙት አባላት፣ ያልተገኙትና የቀሩበት ምክንያት፣ የሁለት ጣሳ መጥፋት፣ በዚያም ላይ የተደረገ ረዥም ክርክር። የጋሼ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ሲጽፉም እንደ ንግግራቸው ሁሉን ነገር «ይኸውም» እያሉ ነበር።

በአባላቱ ዝርዝር ላይ ተራ ቍጥር 47 የእማማ ባለቤት ናቸው፤ ኅዳር 1988 ዓ.ም. እንደ ገቡ ተጽፏል፤ በሥሩም «ባለቤት» ብሎ የእማማ ስም አለ። ከዚያው ዝርዝር ላይ ማስረጃ የጠፋባቸው ሌሎች ዐሥራ አራት ሰዎችም ተገኙ፤ ሦስቱ ጉዳያቸውን ተስፋ ቈርጠው ትተውት ነበር።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ኮሚቴው በተሰበሰበ ጊዜ አንድ ወጣት አባል ተነሥቶ፣ በኮምፒዩተር የመጣ ነገር ማንም ሊጽፈው ይችላልና እንዴት እናምናለን አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም በቦታው ብሆን እጠይቀው ነበር። ፋይሎቹ ከዲስኩ ላይ የተጻፉበትን ቀን አሳየሁ፤ ቀን ግን ሊለወጥ ይችላል አለና እውነቱን ነው። በመጨረሻ የረዳን የረሰው ክላሰር ነው። ከተጣበቁት ወረቀቶች መካከል በእንፋሎት ተላቀው የወጡ ስድስት ገጾች ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋር በፕሮግራሙ ያተምኋቸውን ገጾች ስናስተያይ መስመሩ ከመስመር፣ ስሕተቱም ከስሕተት ጋር ገጠመ። ጋሼ በሁለቱም ላይ «መዋጮ» የሚለውን ቃል አንድ ቦታ «መዋዋጮ» ብለው ጽፈውታል። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህን እንኳ ማንም አይፈጥረውም» አሉና ተፈረመ።

ገጾቹን በሙሉ ወደ ፒዲኤፍ አትሜ ለእድሩ በፍላሽ ሰጠሁ። ይህ ግን የፊደሉን ሥዕል እንጂ ፊደሉን አያድንም፤ ስም ተፈልጎ የሚገኝበት አይደለም። ስለዚህ በድሮው ፎንት የትኛው የላቲን ምልክት የትኛውን ፊደላችንን እንደሚወክል በሰንጠረዥ ጽፌ፣ ሦስት ማታ ከፈጀ በኋላ የአባላቱን ዝርዝር ወደ ዩኒኮድ አዛወርሁት። ከዚህ በኋላ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ፣ በስልክም ቢሆን፣ ያለ ዋይንም ያለ ዊንዶውስም ይነበባል። ድሮ «ሠ» እና «ሰ»ን ጋሼ አለያይተው የጻፉትን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ከአምስቱ የጽሑፍ ዲስኮች የተነበቡት ሦስቱ ናቸው። ከ1992 እስከ 1994 ያለውን የያዙት ሁለቱ ሻጋታ በልቷቸዋል፤ ጠጋኙ ወዳጄ በሁለት ማንበቢያ ሞክሮ መለሰልኝ። በእነርሱ ዘመን የገቡ አባላት ጉዳይ ገና በኮሚቴው እጅ ነው። ገንዘብ ያዡ ሁለቱን ዲስኮች በፖስታ አሽጎ፣ «ያልተነበቡ» ብሎ ጽፎባቸው፣ ከማኅተሙ ጋር በእድሩ ሳጥን ውስጥ አስቀምጧቸዋል።